ሦስተኛው ስፒከር

እማዬ መጀመሪያ «ምን አለ?» ስትለኝ ልብ አላልኩትም። ማታ ተሰብስበን ድራማ እያየን ነው። ተዋናዩ አንድ ነገር ተናግሮ በሩን ዘግቶ ወጣ፤ ወደ እኔ ዞር ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ትንሽ ቆይታ ደገመች። በቀጣዩ ሳምንትም እንዲሁ። ከወር በኋላ ግን መጠየቅ አቆመች፤ የደነገጥኩትም ያኔ ነው። ሁላችን ስንስቅ ከምትፈትለው ጥጥ ቀና ትልና አብራን ፈገግ ትላለች፤ ያሳቀንን ነገር ግን አልሰማችም። እኛን ላለማሰልቸት ብላ ዝም ማለቱን መርጣለች።

የድምፅ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ነው። ቤታችን ውስጥ የትኛው ስፒከር የት ይቀመጥ የሚለውን የምወስነው እኔ ነኝ። እናቴ በዚሁ ሳሎን፣ እኔ በመረጥኳቸውና እኔ ባስቀመጥኳቸው ስፒከሮች ፊት ተቀምጣ ንግግር ያመልጣት ነበር። ስለ ስቴሪዮ (በግራና በቀኝ ሁለት ስፒከር) እና ስለ ሰራውንድ (አድማጩን ዙሪያውን የሚከብቡ ስፒከሮች) ዛሬ የማስበው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ስቴሪዮን ያወቅሁት በአባዬ ቴፕ ነው። ባለ ሁለት ካሴት፣ ስፒከሮቹ ከግራና ከቀኝ የሚነቀሉለት ዓይነት ነበር። በብዙ ቤት ስፒከሮቹ እንደተሰኩ ይኖራሉ፤ አባዬ ግን ነቅሎ በቡፌው ሁለት ጫፍ ያስቀምጣቸዋል። ራሱ ደግሞ ፊት ለፊት፣ ትክክል መሀል ላይ፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡናው እስኪፈላ ያቺን ወንበር ማንም አይነካበትም። አንድ ቀን አንስቶ እዚያው ሲያስቀምጠኝ ዘፋኙ ከቡፌው መሀል፣ ከተደረደሩት ብርጭቆዎች ውስጥ ሆኖ ሲዘፍን ሰማሁት። ወርጄ የቡፌውን መስታወት ከፈትኩ። ማንም የለም። ዘፋኙም ከመሀል ሸሽቶ ወደ አንዱ ስፒከር ገብቷል። ወደ ወንበሩ ስመለስ እሱም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እኩል ሲያወጡ፣ ከሁለቱም በእኩል ርቀት የተቀመጠ ሰው ድምፁን የሚሰማው ምንም ከሌለበት ከመሀከላቸው ነው። ከጎን የመጣ ድምፅ አንዱ ጆሯችን ጋ ከደረሰ በኋላ ሌላው ጋ ለመድረስ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው የሚፈጅበት፤ የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳን አይሞላም። አእምሯችን በዚያች ቅንጣት ልዩነት ድምፁ ከየት እንደመጣ ይለያል። ስቴሪዮ የቆመው በዚህ ችሎታችን ላይ ነው።

ይህን ቁጭ ብሎ ያሰላው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ተዋናዩ ከመጋረጃው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፁ ግን ባለበት መቅረቱ አናዶት እንደጀመረው ይነገራል። ኢኤምአይ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ የፈጠራ መብት ማመልከቻ አስገባ፤ ሁለት ድምፅ በአንድ የሸክላ ቦይ ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ ሳይቀር በዚያ ማመልከቻ ውስጥ ነበር። በ1942 ራዳር ሲሞክሩ የነበሩበት አውሮፕላን ተከስክሶ በ38 ዓመቱ ሞተ። የስቴሪዮ ሸክላ በየሱቁ መሸጥ የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው፤ እሱ አላየውም። የታሪኩ መነሻ ሙዚቃ አለመሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል። ሰውዬው የፈለገው የሚናገረው ሰው ድምፅ ከአፉ እንዲመጣ ነው። የእማዬም ጥያቄ ይኸው ነበር።

በራሴ ደመወዝ መጀመሪያ የገዛሁት ግን ስቴሪዮ አልነበረም። አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) በአንድ ካርቶን የያዘ ሆም ቴአትር ነበር። ሱቁ ውስጥ ሲያሰሙኝ ሄሊኮፕተር ከኋላዬ ተነስቶ በአናቴ ላይ አለፈ፤ በዚያው ቀን ከፍዬ ተሸክሜው ሄድኩ። ቤት ስደርስ ሽቦውን በምንጣፍ ሥር ዘረጋሁ። የኋላዎቹን አንዱን መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሌላውን ማስቀመጫ ስለጠፋ ፍሪጁ ላይ አኖርኩት። ሄሊኮፕተሩን ሦስት ቀን ሰማነው። ከዚያ የለመድኳቸውን ዘፈኖች ስከፍት አዘንኩ። መሰንቆው ቀጥኗል፤ የወንዱ ድምፅ ደረት የለውም።

ምክንያቱን የነገረኝ መርካቶ ውስጥ ቴፕ ሲጠግኑ ያረጁ አንድ ባለሙያ ናቸው። አንዱን ስፒከር በመዳፋቸው መዘኑትና «ልጄ፣ ይኼ ባዶ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ለሁለት ስፒከር የሚበቃ ገንዘብ ለአምስት ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ቀጭን ፕላስቲክና የመዳፍ ያህል እንኳን የማይሆን ወረቀት ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ያለው በ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ግድም ነው፤ ትንንሾቹ ስፒከሮች ያን ያህል አይወርዱም፤ ቤዙ ደግሞ ለፍንዳታ እንጂ ለሰው ድምፅ አልተሠራም። የዘፋኙ ደረት በሁለቱ መሀል ባለው ክፍተት ወድቆ ይቀራል።

ሌላም ነገር አለ። እኔ የምሰማው ዘፈን በአብዛኛው የተቀረጸው በሁለት ቻናል፣ ማለትም ለግራና ለቀኝ ስፒከር ለየብቻ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን መሥርቶ ሸክላ ማሳተም ከጀመረበት ዘመን የቀሩልን ዘፈኖች ደግሞ ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ድምፃዊውም ነፋሹም ከበሮውም በአንድ ቻናል የተጨመቁ። እንዲህ ያለውን ቅጂ አምስት ቦታ ብንበትነው አዲስ ነገር አይጨመርበትም። ሁለት ጥሩ ስፒከሮች ፊት ሲከፈት ግን ሁሉም መሀል ላይ ተሰብስበው፣ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ ተጠጋግተው ቆመው ይሰማሉ። እኔ እንደዚያ ስሰማቸው ነው ደስ የሚለኝ።

ስለዚህ ቤዙን ብቻ አስቀርቼ ያንን ካርቶን ሸጥኩትና ሁለት ከባድ የእንጨት ስፒከሮች ገዛሁ፤ ያገለገሉ ናቸው። አምፕሊፋየሩን (ድምፅ ማጉያውን) የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። እዚህ ላይ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ነገር ልንገር። የአሜሪካ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ሳያዩ መሰካት ማለት ማቃጠል ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ፣ ቮልት መቀየሪያ ከሌለው ደግሞ አቅሙን የሚችል ትራንስፎርመር መግዛት ግድ ነው። አምፕሊፋየር ያልተገጠመላቸው ተራ ስፒከሮች ግን መብራት ላይ ስለማይሰኩ ከየትም አገር ቢመጡ ችግር የለባቸውም።

ስፒከሮቹን አባዬ እንዳሳየኝ አስቀመጥኳቸው፤ በመሀከላቸው ሁለት ሜትር፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ መቀመጫዬ ሁለት ሜትር፣ ሦስቱም ጎን እኩል የሆነ ትሪያንግል። ዘፋኙ ተመልሶ መጣ። ለዓመታት ከዚህ ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ሙዚቃ ብቻ ለሚሰማና ብቻውን ለሚሰማ ሰው ዛሬም ምክሬ ይኸው ነው፤ ሁለት ግዛ፣ ገንዘብህን በሁለቱ ላይ ጨርስ።

ግን የትሪያንግሉ ጫፍ አንድ ወንበር ነው። ቤታችን ውስጥ ደግሞ አምስት ሰው አለ።

እማዬ የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነው፤ ለፈትሏ ብርሃን ትፈልጋለች። አንድ እሁድ ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ከወንበሯ እስከ ግራው ስፒከር 1.5 ሜትር፣ እስከ ቀኙ 2.7 ሜትር ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የ1.2 ሜትር ልዩነት ሦስት ሚሊሰከንድ ተኩል ማለት ነው። ለጆሮ ይህ ብዙ ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 ባቀረበው ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ሲመጣ ከየት እንደመጣ የሚወስነው ቀድሞ የደረሰው ነው። ለእማዬ መሀል የሚባል ቦታ የለም። የድራማው ሰው ሁሉ፣ ባልም ሚስትም ዳኛም፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ሳጥን ነው የሚናገርላት። እሷ የሚናገረውን ሰው አፍ እያየች ድምፁን ከሌላ ቦታ ትለቅማለች።

መጀመሪያ ያደረግሁት ድምፁን መጨመር ነበር። ቤዙም አብሮ ጨመረ፤ እሷ ደግሞ «ጮኸ እንጂ አልተሰማም» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ አገላለጽ በየትኛውም የድምፅ መጽሔት ላይ አላነበብኩም።

ዕድሜ ከጆሮ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። «ሠራ» እና «ፈራ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ፉጨት ብቻ ነው፤ ያ ፉጨት ሲደበዝዝ ሠራተኛው ሁሉ ፈሪ ሆኖ ይሰማል። በዚህ ላይ ስቴሪዮ ራሱ አንድ ነገር ይወስዳል፤ ይህን ስረዳ ነው ነገሩ የገባኝ። መሀል ላይ ያለ የሚመስለው ድምፅ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። ግራው ጆሮ የግራውን ስፒከር ይሰማል፤ ከሚሊሰከንድ ሩብ ያህል በኋላ ደግሞ የቀኙ ጭንቅላትን ዞሮ ይደርሰዋል። በ2,000 ኸርዝ አካባቢ ያች ሩብ ሚሊሰከንድ የሞገዱ ግማሽ ናት፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳልና ድምፁ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ይህ የሚሆነው በዚያች ምርጥ መሀል ወንበር ላይ ለተቀመጠውም ሰው ነው። 2,000 ኸርዝ ደግሞ ንግግር ጥርት ብሎ እንዲለይ ከሚያደርጉት ቦታዎች አንዱ ነው። ጆሮው ደህና የሆነ ሰው ጉድለቱን ሳያውቀው ያልፋል። የእናቴ ጆሮ ግን የቀረው ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያም ላይ እየቀነስኩባት ነበር።

መፍትሔው ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 ቤል ላቦራቶሪስ የሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች በሃርቪ ፍሌቸር መሪነት አንድ ትልቅ ሙከራ አሳይተዋል። የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ፊላዴልፊያ ላይ ይጫወታል፤ ድምፁ በስልክ መስመር ዋሽንግተን ድረስ ይሄዳል፤ ሕዝቡ ባዶ መድረክ ፊት ተቀምጦ ይሰማል። ታዋቂው መሪያቸው ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ዋሽንግተን ሆኖ የድምፁን መቆጣጠሪያ ይዞ ነበር። መድረኩ ላይ የነበሩት ስፒከሮች ሁለት ቦታ አልነበሩም። ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ፤ ሦስት ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰው መሀል ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ብሉምላይን በሁለት የፈታው ለአንድ አድማጭ የሚሆነውን ነው፤ እነዚህኞቹ ሦስት ያደረጉት ለብዙ ሰው ብለው ነው። ወደ ቤታችን የገባው የሁለቱ ነው፤ የሸክላ ቦይ ሁለት ግድግዳ ስላለው ሁለት ድምፅ ይይዛል።

ሰራውንድ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ከኋላ ያሉትን ነው። እኔ ግን ከዚያ ካርቶን ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው የመሀሉ እንደሆነ አምናለሁ። ሄሊኮፕተሩ ሲያልፍ ትኩረታችን ሁሉ ከኋላ ነበርና እሱን ልብ ያለው የለም። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ አጠራቅሜ ሪሲቨር ገዛሁ (እኛ አገር ሪሲቨር ሲባል የዲሽ ነው የሚመስለው፤ እኔ የምለው ባለ ብዙ ቻናሉን አምፕሊፋየር ነው)። ከሁለቱ ስፒከሮቼ ጋር ድምፁ የሚመሳሰል አንድ የመሀል ስፒከርም ጨመርኩ። መመሳሰሉ ዋና ነገር ነው፤ የማይመሳሰል ከሆነ ተዋናዩ ከጫፍ ወደ መሀል ሲራመድ ድምፁ የሌላ ሰው ይሆናል።

«የእኛ ድራማ በሁለት ቻናል አይደል የሚተላለፈው፣ የመሀሉ ምን ያወጣል?» ብሎ ወንድሜ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የድምፅ ቴክኖሎጂ ኩባንያው ዶልቢ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ፕሮ ሎጂክ የሚባለው አሠራርና ከሱ በኋላ የመጡት ዘመዶቹ፣ በግራና በቀኝ እኩል ያለውን ድምፅ ለይተው ወደ መሀል ይልካሉ። ንግግር ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በሁለቱም እኩል ነው። ስለዚህ ዜናውም ድራማውም ስብከቱም ከመሀሉ ስፒከር ይወጣል፤ ሙዚቃውና የመንገዱ ጫጫታ በጎን ይቀራል። ሪሲቨሩ ደግሞ የመሀሉን ለብቻው ከፍ ማድረግ ያስችላል። ቤቱን ሳልረብሽ ንግግሩን ብቻ ሁለት ሦስት ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ከፍ አደረግሁላት።

በመጀመሪያው ማታ ምንም አልነገርኳትም። ድራማው ተጀመረ። እንዝርቷ ትሽከረከራለች። አንዱ ገጸ ባሕርይ ለወንድሙ ስለ መሬት ካርታ ሲያወራ እንዝርቱ ቆመ። «ይኼ ሰውዬ ዋሽቷል!» አለች። «ባለፈው ለሚስቱ ሌላ ነው ያላት።» እኛ ማናችንም አላስተዋልነውም ነበር።

የኋላዎቹን ስፒከሮች እስካሁን አልገዛሁም። የማይረባ ነገር ሆኖ አይደለም። ደንቡ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ከመሀሉ 30 ዲግሪ፣ የኋላዎቹ ደግሞ 110 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሆኑ ነው። የእኛ ሶፋ እንደ አብዛኛው ኮንዶሚኒየም ግድግዳውን ተደግፏል፤ ከኋላው የቀረ ቦታ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ወደ ቤት የገባው ዶልቢ አትሞስ የሚባለው አሠራር ደግሞ ጣሪያም ላይ ድምፅ ይፈልጋል። የእኛ ጣሪያ የጎረቤት ወለል ነው።

በዚያ ገንዘብ መጋረጃ ገዛሁ። ብሎኬት ግድግዳና የሴራሚክ ወለል ያለው ሳሎን ውስጥ አንዴ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ሲንጫረር ትሰማላችሁ። ያ መንጫረር በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይደረባል፤ እንደ እማዬ ያለ ጆሮ ደግሞ ሁለቱን መለየት ያቅተዋል። ወፍራም መጋረጃ በመስኮቱ፣ ወፍራም ምንጣፍ በስፒከሮቹና በሶፋው መሀል፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ በጎን፤ ለውጡ የአዲስ ስፒከር ያህል ነበር። ለመሞከር ብቻ ጋቢ ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ልዩነቱን የሰማሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ቤዝን ግን ጋቢም መጋረጃም አይዘውም። የ40 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ ከስምንት ሜትር ይበልጣል፤ ከሳሎናችን ይረዝማል። ከታች ያሉት ጋሼ አንድ ማታ ወጥተው በትሕትና «የኔ ልጅ፣ አልጋዬ ይንቀጠቀጣል» ካሉኝ ወዲህ ቤዙን አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ይበቁናል።

አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱ ከተገኘ ሶፋውን ከግድግዳ ነቅዬ አራትም ስድስትም ስፒከር የምገዛለት። ማህሌት ነው። የክብረ በዓል ዋዜማ ቅኔ ማህሌት ውስጥ ቆሞ ያደረ ሰው ያውቀዋል። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ተሰልፈው ይቆማሉ፤ የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ ወገን እየተቀባበሉ ይመራሉ፤ ጽናጽሉ ከዚህ ሲመታ ከዚያ ይመለሳል፤ ከበሮው ደግሞ በመሀል ይንቀሳቀሳል። ከኋላ የሴቶቹ እልልታ አለ። ያ ድምፅ ፊት ለፊት የሚታይ ነገር አይደለም፤ ሰውዬው ውስጡ ነው የሚቆመው። ሁለት ስፒከር ፊት አስቀምጬ ስሰማው ከደጅ ሆኜ በመስኮት የማይ ያህል ይሆንብኛል። በእጄ የገቡት ቅጂዎች ሁሉ በአንድ ካሜራ ማይክ የተያዙ ናቸው። አንድ ልባም ቀራጭ አራት ማይክ ይዞ ቅኔ ማህሌቱ ውስጥ ቢያድር ሰራውንድ የተፈጠረው ለዚህ ነበር የሚያሰኝ ሥራ ይወጣዋል። ይህን የሚያደርግ ሰው እስኪገኝ እጠብቃለሁ፤ ከተፈቀደልኝም ማይኩን ተሸክሜ አብሬው አድራለሁ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ማታ ሁሉም ተኝቷል ብዬ የመሀሉን ስፒከር አጥፍቼ፣ በሁለቱ ብቻ፣ በዝግታ በገና ከፈትኩ። በገና ለስቴሪዮ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ደርዳሪው አንድ፣ አድማጩ አንድ። ከአውታሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቆዳ የምታመጣው ያ ዝዝታ መሀል ላይ፣ ከእኔ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ቆሟል። የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተና እማዬ ነጠላዋን እንደተከናነበች ወጣች። ወደ መስኮቱ ወንበሯ አልሄደችም።

«ተነሳ እስቲ፣» አለችኝ፣ «አባትህ እንደዚህ ነበር የሚያስቀምጠው።»

ተነስቼ ግራው ስፒከር አጠገብ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ የሚሰማኝ አንዱ ብቻ ነበር። እሷ ተቀመጠች፣ ጥቂት አዳመጠች፣ ከዚያ እጇን ከነጠላው ውስጥ አውጥታ በጣቷ ቡፌው ላይ ወዳሉት ብርጭቆዎች አመለከተችኝ።